ለቁጣችን ማዕርግ ስለ ሰጡት ሊቃውንት

የወንድሜ ልጅ ብዙ ዘመን የደከመበት የጽሑፍ ወረቀት ሁሉ በስሕተት ለምድጃ ማቀጣጠያ በዋለበት ዕለት፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ ኤ ሊትል ቢት አፕሴት ሆኛለሁ» አለኝ። ይህንኑ ንግግር ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤት፣ በሠርግ ቤት፣ አልፎ ተርፎም በለቅሶ ድንኳን ስሰማ ስለ ኖርሁ፣ ለቁጣችን እንዲህ ያለ ማዕርግ ያወጡለትን ሰዎች ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ መሆን ነው ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ምንኛ ድኾች ነበሩ! ቅር መሰኘትና መከፋት፣ መቀየምና ማኩረፍ፣ መብሸቅና መናደድ፣ መንገብገብና ቱግ ማለት፣ በመጨረሻም የቆሽት ማረርና የደም መፍላት ካልሆነ በቀር በእጃቸው ምንም አልነበራቸውም። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ከፍጻሜ አድርሰው በ1948 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ፣ ዕረፍት ሳይሹ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለኅትመት ማብቃታቸው ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ «ኤ ሊትል ቢት»፣ «ካይንድ ኦፍ»፣ «ሪሊ» እና «ቶታሊ» የተባሉት አራቱ ማዕርጋት ስለ መጡልን፣ ያን የሚያህል መጽሐፍ ማገላበጥ ቀርቶልናልና። ወንጌላዊው ማቴዎስ እንኳ በምዕራፍ 5 ቁጣን ከሦስት ደረጃ አላሳለፈውም፤ ለመጀመሪያው ፍርድን፣ ለሁለተኛው ሸንጎን፣ ለሦስተኛው ገሃነመ እሳትን መድቦ ዘጋ። ለ«ካይንድ ኦፍ» የተዘጋጀ ሥፍራ ስለሌለ፣ ተናጋሪው ከሦስቱም ያመልጣል።

የዚህ ሥርዓት ትሩፋት ጎልቶ የሚታየው ግን በሽምግልና ነው። በጥንቱ ልማድ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፤ ሽማግሎችም የቅያሜውን ጥልቀት ከተበዳዩ አንደበት ሰምተው ነገሩን ያበርዳሉ። እንግዲህ ተበዳዩ በጉባኤው መካከል ተነሥቶ «ካይንድ ኦፍ ኢሪቴትድ ነኝ» ቢል፣ የሚሸከሙለት ድንጋይ ምን ያህል ይሁን? የወፍጮ መጅ ያህል ነው ቢሉ፣ ለ«ሪሊ» ምን ይቀራል? ጠጠር ይበቃል ቢሉ፣ በዳዩ በኪሱ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ለየማዕርጉ የተመዘነ ድንጋይ በመንግሥት ግምጃ ቤት ይቀመጥ ዘንድ ግድ ነው፤ ለዚህም ሚዛኑን የሚያጸድቅ ቦርድ፣ ለቦርዱ ሊቀ መንበር፣ ለሊቀ መንበሩ መኪና ያስፈልጋል። ያገራችን ጥቁር ድንጋይ የእንግሊዝን ስሜት በትክክል ይመዝናል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ስለማይገኝ፣ ድንጋዩ ከዚያው ከለንደን በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ይመጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ እስኪገኝ ድረስም የተጣሉት ባልና ሚስት በየክፍላቸው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ምናልባት «ቶታሊ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሣጥን ተሳስቶ ለ«ኤ ሊትል ቢት» ቢከፈት፣ ምስኪኑ በዳይ ወገቡ ይሰበራል፤ ይህን ጊዜ እርሱም በተራው ተበዳይ ይሆንና፣ ሌላ ድንጋይ ይታዘዝለታል።

ሌላም ጥቅም አለው፦ በእንግሊዝኛ የተቆጣ ሰው የተማረ ይባላል፤ ባማርኛ የተቆጣው ባለጌ።

ግን ምኑ ነው «ኤ ሊትል ቢት»? ልጁ ነዶታል! «ተናድጃለሁ» ማለት ያሳፍራል እንዴ? «አኩርፌአለሁ» ያለ ሰው እኮ ደጁን ገርበብ አድርጎ ነው የሚያኮርፍ፤ መጥተው እንዲያባብሉት ይጠብቃል፣ ያኮረፈበትም ሰው እስኪታረቀው ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። «አፕሴት ነኝ» ያለው ግን ማስታወቂያ ለጥፎ ሄደ፤ ማንም አይለምነው፣ እርሱም ማንንም ይቅር አይል። ይህ ጨዋነት አይደለም፤ ፈሪነት ነው።

ከምስጋናዬ ወጣሁ መሰለኝ። ልመለስና፣ ለቁጣ ኃጢአት ስግደት የሚያዝዙ የንስሐ አባቶችም ይህን ሥርዓት በቶሎ ቢማሩት መልካም ነው። እኔም ይህን ስጽፍ ስለ ተቆጣሁት ቁጣ ንስሐ ልገባ ስሄድ፣ አባ «ካይንድ ኦፍ አርባ ስገድ» ያሉኝ እንደ ሆነ፣ ሠላሳ ሰግጄ ቁጭ እላለሁ።