በላ ልበልሃ ስለ መርማሪ ስቴብለር

አያቶቻችን ዕቃ ሲሰረቅባቸው ሌባሻይ ነበራቸው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ጠጥቶ፣ ወገቡን ታስሮ መንደሩን እየተንገዳገደ ይዞራል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ኋላ ቀር ነው ተብሎ ቀረ ይባላል። ማን ነው ቀረ ያለው? ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ፈንድሻ ታቅፎ፣ የአሜሪካ የወንጀል ድራማ እያየ ነው። ልዩነቱ የዱሮው የሚወድቀው በእውነተኛ ሰው ደጃፍ ነበር፤ የዛሬው ግን ተወልዶ በማያውቅ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ይተኛል።

ይህን ስል የድራማ አፍቃሪዎችን ላንቋሽሽ አይምሰላችሁ፤ እኔስ አከብራቸዋለሁ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያጣ መዝገብ ይዘጋል። ሐኪም ግራ ሲገባው «ላቦራቶሪ ሂድ» ይላል። የድራማ አፍቃሪ ግራ ገብቶት አያውቅም።

የኤልየት ስቴብለርን ነገር ውሰዱ። ከ«ሎ ኤንድ ኦርደር» የተወለደው ኤስ.ቪ.ዩ. እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የወሲብ ጥቃት ወንጀሎችን የሚከታተሉ ሁለት ዋና መርማሪዎች ነበሩት፤ ስቴብለርና ኦሊቪያ ቤንሰን። 12 ሲዝን አብረው ሠሩ። በ2011 ስቴብለርን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሜሎኒ በውል ድርድር ሳይስማማ ቀረና ወጣ። ደራሲዎቹ ባዶ ወንበር ታቀፉ። በቀጣዩ ሲዝን አለቃዋ ኦሊቪያን ጠርቶ ጓደኛሽ ጡረታ ወጥቷል አላት፤ አለቀሰች፤ ሥራው ቀጠለ። መሰናበቻ የለ፣ ስልክ የለ። ከየት ይምጣ? የሚሰናበተው ሰው ከደመወዝ መዝገቡ ላይ ተሰርዟላ።

እንደ እኔ ላለው ደንቆሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ለሚያውቅ ግን ገና መጀመሩ ነው። ስቴብለር ለምን ሳይሰናበት ሄደ? አንዱ በጥፋተኝነት ስሜት ተቃጥሎ ነው ይላል። ሌላው ካቶሊክ መሆኑን ያስታውስና ንስሐ ሊገባ ነው ይላል። ሦስተኛዋ ደግሞ አባቱ ኃይለኛ ፖሊስ እንደነበረ፣ እናቱም የአእምሮ ሕመም እንደነበረባት ጠቅሳ፣ ገና በልጅነቱ መሸሽ የለመደ ነው ብላ ትፈርዳለች። አብዛኛው ጉባኤ ግን ለኦሊቪያ ያለውን ፍቅር ፈርቶ ነው የሚለውን ያጸድቃል። ይህ ሁሉ፣ ስቴብለር በ2021 እስኪመለስ፣ አሥር ዓመት ፈጀ። አሥር ዓመት! ስንት የርስት ክርክር በዚህ ጊዜ ውስጥ ተቋጭቷል።

ከእሱ በፊትም «ክሪሚናል ማይንድስ» ላይ የነበረው መርማሪ ጌዲዮን ደብዳቤ ጥሎ ሲጠፋ እንዲሁ ተመረመረ፤ እምነቱ ተሰብሮ ነው ተባለ። ተዋናዩ ማንዲ ፓቲንኪን በ2007 ሥራውን ትቶ የሄደው፣ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ሌሊት ከሌሊት ሴቶች የሚደፈሩበትና የሚገደሉበት ድራማ መንፈሱን ስለጎዳው ነበር። በሟቾቹ የተሰበረ ልብ ከተፈለገ እዚያው ነበረ፤ በሥጋና በደም። ግን የተዋናይ ልብ ምን ያደርጋል? የሚፈለገው የጌዲዮን ነው። የሌላው ድራማ መርማሪ የኮሎምቦ ሚስትማ ብሳ ተገኘች፤ በተከታታዩ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳትታይ «አለች ወይስ የለችም» እያሰኘች ሰው ስታጣላ ኖረች። ጣቢያው በ1979 የራሷን ድራማ ቢሠራላት ጊዜ አፍቃሪው ይቺ እሷ አይደለችም አለ። አንዴ እንኳ አይቷት ሳያውቅ!

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ሁሉ ጥበብ የማን ልብ ላይ እንደሚፈስ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይገደላል። ገዳዩ በአርባኛው ደቂቃ ገደማ ጠረጴዛ ተደግፎ «ለኢንሹራንሱ ብዬ ነው» ይላል። «እሺ» ይባላል፤ ማስታወቂያ ይገባል። ለምን ገደለ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ተመልካች አላየሁም። በእርግጥ አሜሪካ ውስጥ ዐቃቤ ሕግም ቢሆን ተከሳሹ አስቦ ማድረጉን ያስረዳል እንጂ ለምን እንዳደረገው የማስረዳት ግዴታ በጥቅሉ የለበትም። ምናልባት አፍቃሪዎቻችን ሕግ አዋቂ ስለሆኑ ይሆናል። ገዳይ በአንድ ቃል ይለቀቃል፤ ስልክ ያልደወለ ፖሊስ ግን አሥር ዓመት ይከሰሳል።

ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ የአክስቴ ልጅ ቤት ቡና ተጠራሁ። ከማታ ፈረቃ ወጥታ እንቅልፍ አላየችም። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ በፌስታል ተሸፍኗል፣ ቡናው ይቆላል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የዱሮው ኤስ.ቪ.ዩ. ይደገማል።

«አንድ ስልክ!» አለች፣ ማንከሽከሻውን እየነቀነቀች። «አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ውላ አድራ፣ አንድ ስልክ እንኳ አይደውልም?»

ወንድሟ ከሶፋው ተነሣ። ሪሞቱን እንደ ከዘራ ዘረጋው። በላ ልበልሃ ሲሉ የሰማኋቸው ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ፤ ኩታ ብቻ ነው የቀረው።

«እታለም፣ ቢደውል ኖሮ መሄድ ይችል ነበር? ድምጿን ከሰማ እኮ አለቀለት!»

«ታዲያ ደብዳቤውስ? በ2021 ሲመለስ የሰጣት ደብዳቤ? ሚስቱ ናት እኮ የጻፈችው!»

«የመጨረሻዋን መስመር እሱ ነው የጨመራት። እሷን መስመር አንብቢልኝ!»

ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ለመሆኑ» አልኩ፣ «ከመሄዱ በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍል ሽጉጥ ይዛ ቢሮ የገባችው ልጅስ?»

«የቷ ልጅ?»

«ስቴብለር የገደላት። እናቷ ዓይኗ እያየ የተገደለችባት። ጄና።»

ተያዩ። «እ… እሷ» አለ ወንድምየው፣ «እሷማ ያው ተናዳ ነው።» ተቀመጠ። የልጅቷ መዝገብ በዚሁ ተዘጋ።

ቡናው ተቀዳ። አቦል ጠጣን። እኔም አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ ነገሩ በ2011 ሜሎኒ በኮንትራቱ ሳይስማማ ቀርቶ እንጂ ሌላ ምስጢር እንደሌለው ተናገርኩ። እጣኑ ብቻ ሲጨስ ይሰማል። የአክስቴ ልጅ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ስታየኝ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟችን ዕዳ እንደሚያነሣ ሰው ነው።

«ኤልየት» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ገንዘብ ወዳድ ሰው አይደለም።»

«ኤልየት አይደለም ያልኩት። ሜሎኒ ነው። ተዋናዩ።»

ወንድሟ ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ቀነሰ። ሁለቱም ዞረው ትኩር ብለው አዩኝ፤ ቁጣው ጠፍቶ በምትኩ አንድ አዲስ ፍላጎት ሲበራ አየሁ። ቶናውን ሲኒዬ ላይ እስከ አፉ ሞልታ አቀረበችልኝ።

«በል እስቲ አንተ ታውቃለህ» አለች። «ይሄ ሜሎኒ የምትለው ሰውዬ፣ ኤልየትን እንደዚህ የበደለው ምን አድርጎት ነው?»