ሾላ አታብብም ላልከኝ

«ሾላ አበባ የላትም፤ ሳታብብ ነው የምታፈራው» አልከኝ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥላዋ ሥር ተቀምጠህ ጥብስ ዓሣህን እየበላህ። ስማኝማ ወዳጄ፣ ደጅ ቆሞ «ቤቱ ውስጥ ሰው የለም» ይባላል እንዴ? አንኳኳ እንጂ!

በል ጦጣዋ የጣለችውን እንጭጭ ፍሬ አንሳና በጥፍርህ ሰንጥቃት። ውስጧን ዙሪያውን የሞላው ሁሉ አበባ ነው፤ እጅግ ብዙ፣ አብዛኛው ሴቴ። እያንዳንዷ ሴቴ ከታች እንቁላል የያዘ ማሕፀን፣ ከላይ ቀጭን አንገት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ብናኝ መቀበያ አላት። ፅጌረዳ ደጅ ያወጣችውን ሾላ ጓዳ አስገባችው፣ በቃ!

«ታዲያ ንብ በየት ይገባል?» ንብማ አይገባም! አናቷ ላይ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ አየሃት? በእሷ የምትገባው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ተርብ ናት። ስትገባ ክንፏ ይረግፋል፤ መውጫ የላትም፣ እዚያው ትሞታለች። ከመሞቷ በፊት ግን ከተወለደችበት ሾላ ያመጣችውን ብናኝ ለአበቦቹ ታዳርሳለች፤ እንቁላሏንም ትጥላለች። አንገቷ አጭር የሆነችው አበባ አብዛኛውን ጊዜ የተርብ ልጅ ታሳድጋለች። አንገተ ረጅሟ ጋ ግን የተርቧ እንቁላል መጣያ ማሕፀኑ ድረስ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ዘር ትይዛለች። ለእንግዳም ለልጅም የሚበቃ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው!

«እና እስከ ዛሬ ተርብ ስበላ ኖርኩ?» አትደንግጥ። ወንዶቹ ተርቦች ግድግዳውን ይበሱታል፣ ሴቶቹ ብናኝ ተሸክመው ይበርራሉ፤ ፍሬዋ የምትበስለው ከዚያ በኋላ ነው። ጉሬዛው ሳይጠይቅ ነው የሚበላው።

«ተርቧ ባትኖርስ?» ግብፅን ጠይቃ! የጥንት ግብፃውያን ከዚችው ከሾላ እንጨት ሬሳ ሣጥን ይሠሩ ነበር። እዚያ ግን ተርቧ ስለሌለች ፍሬው ዘር አይዝም፤ ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሲተክል፣ እንጭጩንም በቢላ እየጫረ ሲያበስል ኖሯል። የሐዋሳዋ ሾላ ግን ዘሯን በወፍና በጦጣ ሆድ አስጭና ትልካለች።

«ተቆርጣ ዘንባባ ቢተከልባት የሐይቁ ዳር ያምር ነበር» ላልከው ደግሞ፦ ተርቧ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ ቢበዛ ቀን ሁለት ቀን ነው። በዚያች ጊዜ አበባዋ የደረሰ ሌላ ሾላ ካላገኘች የያዘችው ብናኝ አብሯት ይቀራል። አንዷን ስትቆርጥ የጎረቤቷንም ዘር ነው የምትቆርጠው። ለዘንባባህ ሌላ ቦታ ፈልግለት።