እኛም ሰፈር ሎሚ ነበር

ለሥነ ጽሑፍ ውይይት ትልቁ እንቅፋት ጽሑፉ ራሱ መሆኑ ዘግይቶም ቢሆን ተደርሶበታል። የእሁድ ከሰዓት የመጽሐፍ መድረኮቻችን ምስጋና ይግባቸውና መላ ዘይደውለታል፦ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ የሚነበበው አንባቢው ነው።

የአዳም ረታ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» ተራ ደረሰ እንበል። ሰውየው ሕፅናዊነት ብሎ በሰየመው ስልት ታሪክን ከታሪክ ሲያስተሳስር ስንት ሌሊት እንደደከመ እንጃ። ማይኩ ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። አስተያየት ሰጪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አዘጋጆቹን አመስግኖ፣ «መጽሐፉን ገና አልጨረስኩትም፤ ብቻ እኛም ሰፈር ሎሚ ነበር» ይላል። ከሎሚው ዛፍ ወደ ባለቤቱ ልጅ፣ ከልጅቷ ወደ ዐይኗ፣ ከዐይኗ አሜሪካ ወደ ወሰዳት ባል። ባልየው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። አዳም ይህን ቀድሞ ሰምቶ ቢሆን አንድ የግርጌ ማስታወሻ አይነፍገውም ነበር።

ግጥም ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፤ አጭር ስለሆነ ለራስ ታሪክ ሰፊ ቦታ ይለቃል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር መወለዱ፣ ጀርመን ሥዕል መማሩ፣ በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ በስደት መሞቱ፣ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተሰኘው መድበሉም ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1998 መታተሙ አስተያየት ሰጪን ከማደናቀፍ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሠዓሊ ሲገጥም ዐይኑ ስንኙን ምን ያደርገዋል ብሎ ማን ይጨነቃል? «ሀገሬ»ን አንብቦ ስለተከለከሉት ቪዛ መናገር ይበቃል። «ለኔ የጻፈው ነው የመሰለኝ!» ሟች አይከራከርም።

በሕይወት ያለ ደራሲ ግን ያስቸግራል። «ታሪኩ በራስዎ ላይ የደረሰ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይ፣ ፈጠራ ነው» የሚል ደፋር አለ። እንዲህ ያለው ሰው በከንቱ አስለቅሷልና እንባችንን ሊመልስልን ይገባል።

መነካት ነውር ነው ያለ የለም፤ የማይነካንንማ ለምን እናነባለን? የነካን የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሆነ ለማየት ወደ ገጹ መመለስ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜው ደግሞ ለቪዛው ያስፈልጋል።

በቀደም አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «እኔ» ሲል የነበረው ተራኪ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ለምን «እሱ» ማለት እንደጀመረ ጠየቀች። አዳራሹ ዝም አለ። አንድ አዛውንት ዞር ብለው አዩዋት። የመድረክ መሪው በትሕትና፣ «ግሩም ጥያቄ ነው የኔ እህት፤ ሰዓት ስለገፋ ሻይ ቡናው ላይ ብታነሺው» አላት። አነሳችው። ማይክ ሳይደርሳቸው የቀሩት ሁሉ ከበው በየተራ ስለ ራሳቸው አጫወቷት።