ጎመን በጤና ያለው ሰው አጋዘን አያውቅም

«ጎመን በጤና» ብሎ የተረተውን ሰውዬ ባገኘው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጎመኑን ማን ኮተኮተልህ? እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት ጓሮ ውስጥ ጎመን መትከል ከጀመርኩ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ወገቤ ሄዷል። ጉልበቴ ሄዷል። የደም ግፊት ክኒኔ ከአንድ ወደ ሁለት አድጓል። ጎመኑም ሄዷል፤ እሱ የሄደው ግን አጋዘን ሆድ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮናው ዓመት፣ በ2020 ነው። ቤት ተዘግቶብን፣ እኔ ቴሌቪዥኑን፣ ቴሌቪዥኑም እኔን ሲያይ ሲያይ ልጄ አዘነችልኝ። «አባዬ፣ ለምን ጓሮ ወጥተህ ትንሽ አትክልት አትሞክርም? ጊዜ ያሳልፍልሃል» አለችኝ። ጊዜውንማ አሳለፈልኝ። ገንዘቡንም አብሮ አሳለፈው።

ስትነግረኝ ናቅኩት። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለ ጎመን ይነገረዋል? እናቴ ጓሮ ጎመን የሚተከል ነገር አልነበረም፤ ያለ ነገር ነበር። ከታች ከታች ትቀነጥሳለች፣ ከላይ ከላይ ይጨምራል። ትል ሲያስቸግር ከምድጃው አመድ ዘግና ትነሰንስበታለች፤ አለቀ። አፈሩ መረሬ፣ ፍጉ ከበረቱ፣ ውሃው ከሰማይ። ጠላት ከተባለ የጎረቤት ዶሮና የዶሮዋ ባለቤት ናቸው፤ ዶሮዋ ሳታስፈቅድ ትገባለች፣ ሴትየዋ «እስቲ ለአንድ ድስት የምትሆን» ብላ ትገባለች። ጎመን ፍለጋ አጥር የዘለለ አውሬ ትዝ አይለኝም። ጅብ እንኳ ጎመን አይበላም፤ ክብሩን የሚያውቅ እንስሳ ነው።

እዚህ የመጀመሪያዋን ዶማ ስሰነዝር ዶማው ነጥሮ ወደኔ ተመለሰ። የዚህ ሰፈር አፈር ሸክላ ነው። ሲረጥብ ጫማ ያወልቃል፣ ሲደርቅ ብረት ይሆናል። ሙያው ቢኖረኝ ኖሮ ከዚያ ጓሮ ጀበናም ምጣድም አውጥቼ በከበርኩ፤ ጎመን ግን ሥሩን የት ይስደድ? የልጄ ባል ምን ቢል ጥሩ ነው? «አፈር እንገዛለን።» አፈር! መሬት ላይ ቆሞ አፈር የሚገዛ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ሄድንና በከረጢት በከረጢት ጭነን መጣን። ከጎኑ የላም እበት በላስቲክ ታሽጎ፣ የላሟ ፎቶ ተለጥፎበት ይሸጣል። እርግጥ ደብረ ብርሃንም ኩበት ይሸጥ ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም። እሱ ግን እንጀራ ይጋግራል። የገዛነውን አፈር የምናፈስበት የሣንቃ ሳጥንም ተሠራ። ቁመቱ አንድ ሰው ያህላል፣ ስፋቱም እንደዚያው ለአንድ ሰው ነው። እኔ ሳየው የመሰለኝን ተናግሬ ባለቤቴ «በስማም ይበሉ!» ብላኛለች።

ከአፈሩ ወቅቱ ይብሳል። የልጅ ልጄ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ላይ «ሰመር» ማለት በጋ ነው ይላል። ሐምሌ በጋ! ሐምሌ ክረምት ነው ብዬ ስከራከረው ልጁ ምንም አይመልስልኝም፣ በመስኮት ፀሐይዋን ያሳየኛል። ስድሳ ዓመት የለመድኩት ወቅት ሁሉ እዚህ ተገልብጦ ነው የጠበቀኝ። በመጀመሪያው ዓመት ዋሽንግተን የቼሪው አበባ ሲፈነዳ፣ ሰዉም በሸሚዝ ሲወጣ አይቼ ብርዱ አለቀ አልኩና ቃሪያውንም ቲማቲሙንም በሶብላውንም አውጥቼ ተከልኩ። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ በሶብላው ጠቁሯል፣ ቃሪያው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቷል። እኛ አገር ውርጭ የኅዳርና የታኅሣሥ ነው። በሚያዝያ ውርጭ ማን ይጠብቃል?

አጠገባችን ያሉ አንዲት ባልቴት ፈረንጅ በአጥር አሻግረው አዩኝና እዚህ አካባቢ ለስላሳ ተክል ከእናቶች ቀን በፊት አይወጣም አሉኝ። ይኸውም ከሜይ ሁለተኛ እሑድ በፊት ማለት ነው። በጣቴ ስቆጥረው ግንቦት ልደታ አካባቢ ይወድቃል! ይህንን ቀድሞ የሚነግረኝ ቢኖር እኮ አልሳሳትም ነበር። አሁን ልደታን ጠብቄ፣ ንፍሮውን ቀምሼ ነው ችግኝ የማወጣው። ጎመኑ እንኳ ብርድ አይፈራም። እሱ የሚፈራው ሌላ ነው።

ለመሆኑ እዚህ አገር ብርዱ መቼ እንደሚያልቅ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ግራውንድሆግ የሚባል አውሬ ነው። የኛን ሽኮኮ ይመስላል፣ ሆዱ ግን የዲታ ሆድ ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ ፐንክሰታውኒ በምትባል ከተማ ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ቀን ባርኔጣ የደፉ ትልልቅ ሰዎች ይህን አውሬ አውጥተው ይጠይቁታል። ጥላውን ካየ ስድስት ሳምንት ብርድ ቀርቷል ይባላል። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ይህን መስማቴ! እሺ፣ ይጠይቁት። የዚህ የተከበረ ነቢይ ዘመድ ግን የእኛን ዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ሥር ቆፍሮ ነው የሚኖረው። እስካሁን አንድ ትንቢት አልወጣውም። ፎሶሊያዬን ግን ከነግንዱ አጭዶታል።

አጋዘኖቹ ደግሞ ማታ ማታ ሦስት አራት ሆነው እንደ ሠርግ ታዳሚ ተሰልፈው ይመጣሉ። ስጮኽባቸው ቀና ብለው ያዩኛል፤ የጎረሱትን ውጠው፣ አንድ ደግመው ነው የሚሄዱት። ሽማግሌ መሆኔን ያውቃሉ። እነሱን የሚያግድ አጥር ቁመቱ ወደ 8 ፉት መሆን አለበት። የግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ ከ4 ፉት በላይ አይፈቅድም። ይህን ማኅበር መጀመሪያ ዕድር አድርጌው ነበር፤ በየወሩ ይከፈልበታላ! ዕድር ለቅሶ ይደርሳል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ይኼኛው ሜትር ይዞ አጥር ይለካል። የዘረጋሁትን ሽቦ ባየ በሳምንቱ ደብዳቤ ጻፈብን። ሚሼል ኦባማ በ2009 ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ አትክልት ሲተክሉ ዓለም አጨበጨበ። ጎበዝ ሴት ናቸው፣ አልቀናባቸውም። ግን የእሳቸውን ግቢ ይጠብቅ የነበረው ሴክሬት ሰርቪስ ነው። ለእኔም ከመካከላቸው አንድ የቦዘነ ሰው ቢመድቡልኝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ታነቡ ነበር።

ጎመኑ ላይ ነጭ ቢራቢሮ ስትዞር ልጆቹ እየሳቁ ይከተሏታል። እኔ ሥራዋን አውቃለሁ፤ ከቅጠሉ ሥር እንቁላሏን እየጣለች ነው። ጥቂት ቆይቶ መልኩ ከቅጠሉ የማይለይ አረንጓዴ ትል ይፈለፈልና ጎመኑን ወንፊት ያደርገዋል። ለነገሩ እሷም መጤ ናት። ከአውሮፓ ተነስታ በ1860 ገደማ በካናዳ፣ በኩቤክ በኩል ነው የገባችው። ማን ቪዛ ጠየቃት? እኔ ልጄ ዘንድ ለመምጣት ስንት ወረቀት፣ ስንት አሻራ! እንደ እናቴ አመድ ልነስንስባት ብል አመድ የለም፤ የልጄ ምድጃ ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ ቅጠል እየገለበጥኩ ትል እለቅማለሁ። ስንት ነገር የተማርኩ ሰው!

ጤና አዳሙን አጋዘን አይነካውም፤ ሽታውን አይወድም። ይኼስ ተረፈልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ ጥቁርና አረንጓዴ ቀለበት ያለው ሌላ ትል መጣና ከጓሮው ሁሉ እሱን መርጦ ይበላው ጀመር። ለካ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ውብ ቢራቢሮ የሚሆነው እሱ ነው። ላነሳው ስል የልጅ ልጄ አለቀሰብኝ። ተውኩት። ቡናዬን ባዶውን ጠጣሁ።

በ2021 ያደረግኩትን ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ እኔው ልንገራችሁ። በፊተኛው ዓመት አገር ቤት የአንበጣ መንጋ ገብቶ፣ ገበሬው እየጮኸ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲያባርር በቴሌቪዥን እያየን አንብተናል። ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ስነቃ ዛፉም አጥሩም በረንዳውም ዓይኑ ደም በመሰለ ነፍሳት ተሞልቷል። ተከትሎኝ መጣ አልኩ። ብረት ድስትና ጭልፋ ይዤ በፒጃማ ወጣሁ። እየደበደብኩ «እሽ! እሽ!» እያልኩ ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የሰፈሩ ሰው በየመስኮቱ ቆሞ ያየኛል። ለካስ ሲኬዳ የሚባለው ነው። በ2004 ከወጡት የተወለደ፣ 17 ዓመት መሬት ውስጥ ተቀምጦ ተራው ሲደርስ የወጣ። አትክልት አይበላም፤ ለለጋ ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚያሰጋው። እንግዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ ጎመኔን ያልነካ አንድ ፍጡር ቢኖር እሱ ነው፤ በድስት ያባረርኩትም እሱን ነው። የሚመለሰው በ2038 ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ የምደርስ አይመስለኝም።

የሐምሌውን ሙቀት ብዙ አላወራም። ቀኑ 32 ዲግሪ ይገባል፣ ሌሊቱም አይበርድ። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ጋቢ ደርቤ የተኛሁ ሰው እዚህ በከነቴራ ያልበኛል። ቲማቲሙ አበባውን ያራግፋል፣ ጎመኑ ይመርራል፣ ዱባው ጠዋት ቆሞ ማታ ይተኛል። ግንዱን ብሰነጥቀው ውስጡ ነጭ ትል ተንደላቆ ተቀምጧል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ አሟሟቱ ግን እኔ ጓሮ አንድ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የሚኖር ወዳጄ አለላችሁ። በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ ይልክልኛል። ጎመን እንደ ጃንጥላ፣ ቃሪያ እንደ ጣት። «የዛሬ ጠዋት ለቀማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሦስት ዓመት በቅናት ስቃጠል ኖሬ ባለፈው ፎቶውን አጉልቼ ባየው ጎመኑ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ታስሯል። የሱፐርማርኬት ላስቲክ! እስካሁን አልነገርኩትም። ይህን ካነበበ ያውቃል።

ዊልያም አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊም የጓሮውን ወጪ ቢያሰላው አንዷ ቲማቲም 64 ዶላር ወጣችበትና በ2006 በዚሁ ስም መጽሐፍ አሳተመ። እሱስ መጽሐፍ ሸጠ። ልጄ የኔን ሒሳብ ሠርታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ሣንቃ፣ አፈር፣ ሽቦ፣ የውሃ ቱቦ፣ የወገብ ቅባት። የወገብ ቅባቱ የእርሻ ወጪ ነው አይደለም በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሰኔ ላይ ቡና የምንጠጣባት ቤት ያለው ሸንጎ በጉዳዬ ተቀመጠ። አንዱ፣ አውሬ የሚያቃጥል ነገር ያሸሸዋል አለ። እውነቱን ነው፤ በርበሬ ወፍን አያቃጥልም እንጂ አጋዘንን እንደ ሰው ያቃጥላል። እኛ ቤት ደግሞ ያለው በርበሬ ተራ በርበሬ አይደለም። የባለቤቴ እህት ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ኮረሪማውን ጨምራ፣ አስፈጭታ በሰው እጅ የላከችው ነው። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጣሳውን ወስጄ በየቅጠሉ ላይ ነሰነስኩት። እጄ ትንሽ ከበደ መሰለኝ።

ማታ በረንዳ ላይ መብራት አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ሠርገኞቹ መጡ። የፊተኛው አፍንጫውን ወደ ጎመኑ አስጠጋና አነጠሰ። ደግሞ አነጠሰ። «ይማርህ» አላልኩትም። ጭራውን ነጭ አድርጎ ሲሮጥ ሌሎቹም ተከተሉት። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሌሊት የተኛሁበት ቀን የለም። ንጋት ላይ ነጎድጓድ ቀሰቀሰኝ። ዝናቡ በርበሬውን ጠራርጎ አጠበው፤ በመደቡ ሥር የፈሰሰው ውሃ ወጥ መሰለ። ማታ ተመልሰው መጡ፤ አንድ ጨምረው።

በማግሥቱ ባለቤቴ ጣሳውን ከፈተች። «አንቱ፣ በርበሬው ምን ሆነ?»

«ለጎመን ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም።

«ጎመን መቼ በርበሬ ይገባበታል?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። «ለአውሬ ቀለቡት?» አለችና ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከሰኔ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚሠራው አልጫ ነው። የምስር አልጫ፣ የክክ አልጫ፣ የድንች አልጫ። ዶሮውም ቢሆን አልጫ ነው።

እንግዲህ አሁን ነሐሴ ገብቷል። ከጤና አዳሙ ጎን ተደብቃ የተረፈች አንዲት ጎመን አብባ ዘር ሰጥታኛለች፤ ዘሯን ዛሬ ዘራሁ። ለመኸሩ ትደርሳለች፤ የመጀመሪያው ውርጭ ሲነካትም ትጣፍጣለች ይላሉ ባልቴቷ ጎረቤቴ። ስለዚህ ከአገር ቤት የምትመጡ ወገኖች፣ ዘር አታምጡልኝ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ክልክል ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ አንድ ኪሎ በርበሬ የሚይዝ ቦታ ካላችሁ ግን አየር ማረፊያ ድረስ ራሴ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። በርበሬውን ግን ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለባለቤቴ ስጡልኝ።