የዝናብ ዳታን ገደል ለመክተት የሚረዱ ምክሮች

ክረምት ገብቷል። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ በየጣሪያው የአየር ሁኔታ መለኪያ የተከሉ ሰዎች ስልካቸውን እየዘረጉ «ዛሬ 47 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ይሉናል። ጎረቤታቸው ያየው ካፊያ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ በጎርፍ ሲዋጥ ደግሞ ያው መለኪያ ዜሮ ያሳያል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ የሚከተሉትን ምክሮች በጥንቃቄ ይፈጽሙ። እስከ መስቀል ድረስ አንድም የሚታመን ቁጥር አይተርፍዎትም።

1. ጥፋቱ ሁሉ የሶፍትዌሩ ነው

መለኪያው ዜሮ ካሳየ ሶፋዎ ላይ እንደተቀመጡ ቁጥሩን የሚቀበለውን ሶፍትዌር ይዝጉት፣ ይክፈቱት፣ አጥፍተው እንደገና ይጫኑት። ራውተሩንም ነቅለው ይሰኩት። መሰላል ግን አይፈልጉ። ወጥተው የመለኪያውን ክዳን ቢከፍቱ ከበጋ የከረመ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የወፍ ኩስ አንድ ላይ ተላቁጦ ውኃው የሚወርድባትን ቀጭን ቀዳዳ እንደ ደፈናት ያያሉ። ከሥር ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተገለበጠች ዝናቡን የምትቆጥረውን ባለ ሁለት ኪስ ማንኪያ ሸረሪት በድሯ ጠፍራ ይዛታለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአንድ ኩባያ ውኃ የሚያልቅ ሥራ ነው። እርስዎ ግን ፕሮግራሙን ለአራተኛ ጊዜ ይጫኑት።

2. ግራፉን አይዩ፣ ድምሩን ብቻ ይመኑ

የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገት ወርዶ፣ መሬቱን ደብድቦ ይሄዳል፤ በግራፍ ላይም ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ ይሠራል። ያንኑ ዝናብ ግራፉ ሌሊቱን ሙሉ የዘለቀ ለስላሳ ካፊያ አድርጎ ካሳየ፣ ቀዳዳው በከፊል ተደፍኖ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ነው ማለት ነው። በረዶ ሲጥልም እንዲሁ ነው፤ መቀበያው ላይ ተቆልሎ ይቆይና ፀሐይ ስትወጣ እየቀለጠ ይቆጠራል። እርስዎ ግን «በፀሐይ ዘነበ፣ ጅብ ወለደች» ብለው ይለፉት።

3. ምሰሶው ለሌላም ይጠቅማል

መለኪያውን የተሸከመው ብረት ባዶውን ከሚቆም የልብስ ማስጫ ገመድ ይሰሩበት። ቅዳሜ የታጠበ ብርድ ልብስ ገመዱን በጎተተ ቁጥር ማንኪያዋ ትገለበጣለች፤ በጠራራ ፀሐይ 3 ሚሊ ሜትር ይመዘገብልዎታል። ቤትዎ ሲኖትራክ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ምሰሶውን ጠበቅ አድርገው አይሰሩት፤ መኪናው ባለፈ ቁጥር ይቁጠርልዎ።

ቦታውንም ከግድግዳ ሥር ያድርጉት። መለኪያ ከአጠገቡ ካለ ግድግዳ ወይም ዛፍ ቢያንስ በእነሱ ቁመት እጥፍ ይራቅ የሚለውን መመሪያ ይርሱት። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚፈናጠረው ውኃ ውስጡ ቢገባም ያው ዝናብ አይደል? ውኃ ልኩም ቢሆን ይቅር፤ ማንኪያዋ ተንጋዳ ከቆመች አንዱ ኪስ ሳይሞላ፣ ሌላው ከመጠን በላይ ሞልቶ ይገለበጣል፤ ስህተቱን ማን ያየዋል?

4. መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ይህ በጣም የሚወደድ አጋጣሚ ነው። መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ይሞታል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ሴንሰር ግን በራሱ ባትሪ መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራት ሲመለስ ሶፍትዌሩ የተጠራቀመውን 38 ሚሊ ሜትር በአንድ ጊዜ ይቀበልና በአንድ ደቂቃ የወረደ ያስመስለዋል። እዚህ ላይ ሁለት አማራጭ አለዎት። አንደኛው ቁጥሩን እንዳለ ትተው ክብረ ወሰን ተሰበረ ብለው ለሰፈሩ ማወጅ ነው። ሁለተኛው «ይህማ ስህተት ነው» ብለው መሰረዝ ነው።

ሁለተኛውን የሚመርጡት ይብሳሉ። ያ ውኃ በእርግጥ ዘንቧል! የተበላሸው ሰዓቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። ድምሩን ይዞ፣ «በዚህና በዚያ ሰዓት መካከል የወረደ» ብሎ አጠገቡ መጻፍ ምን ያቅታል? ብቻ ይቅርታ፣ ወደ ምክራችን እንመለስ፤ ይሰርዙት።

ባትሪ ሲቀይሩም ማስታወሻ አይያዙ። በብዙ ሞዴሎች ባትሪ ሲወጣ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሶፍትዌሩም ይህን ካላወቀ ልዩነቱን እንደመሰለው ያሰላል። ከወር በኋላ ያን ቀን ምን እንደነካዎ ማንም ሊያውቅ አይገባም።

5. ባዶ ቦታ ካዩ ዜሮ ይሙሉበት

ለዚህ ምክር ትልቅ ቦታ የሰጠነው በብዙዎች ዘንድ ስለተወደደ ነው። ሴንሰሩ ለአምስት ቀን ሲግናል ካልላከ፣ ሰንጠረዡ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍርዎ አምስት ዜሮ ይደርድሩበት። ፋይሉ ያማረ ይሆናል። አንዳንድ ሶፍትዌር ደግሞ ላልተለካ ቀን -99.9 ይጽፋል፤ እሱንም ሳይለዩ በኤክሴል ደምረው ነሐሴን ከዜሮ በታች ያዘነበ ወር ያድርጉት።

አማካይ ሲሠራ እነዚያ የሐሰት ዜሮዎች ወሩን ድርቅ የመታው ያስመስሉታል። ያልተለካ ቀን ባዶ መሆን አለበት፤ ባዶ ቦታ ማንንም አያሳስትም። የተፈጠረ ዜሮ ግን ከእውነተኛው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ እርስዎ ራስዎም መለየት አይችሉም። ሰው እንዴት አላውቅም ማለት ይከብደዋል?

ደግሞም ከዜሮ የተሻለ ከፈለጉ የጎረቤትን ቁጥር ገልብጠው የራስዎ ነው ይበሉ። በእጅዎ የሞሉትንም በምንም ምልክት አይለዩት።

6. ማስተካከያ

ሶፍትዌሩ አንድ ግልበጣ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 0.254 ብሎ ሲጠይቅዎ ደስ ያለዎትን ይምረጡ። ልዩነቱ 27 በመቶ ብቻ ነው። ኋላ ቁጥሩ ከስልክዎ አፕ ጋር ካልገጠመ እስኪገጥም ድረስ ያባዙት፤ አፑ የሚያሳየው በሞዴል የተሰላ ግምት መሆኑን ማስታወስ አያስፈልግም።

የመቀበያው ክብ አፍ ዲያሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 314 ሚሊ ሊትር ውኃ በዝግታ ሲንጠባጠብበት 10 ሚሊ ሜትር መመዝገብ አለበት። ይህን ሙከራ ማድረግ ክልክል ነው፤ እውነቱ በግማሽ ሰዓት ይታወቃል።

7. ሰዓትና ቀን

የሜትሮሎጂ ታዛቢዎች የዝናብ መለኪያን የሚያነቡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ንባቡም ያለፉትን 24 ሰዓታት ይይዛል። የእርስዎ ሶፍትዌር ቀኑን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው «የመንግሥት ጣቢያ ተሳስቷል» ይበሉ። ሐምሌንና ጁላይንም አንድ ወር አድርገው ያወዳድሩ። የጳጉሜን ዝናብ ማንም አይወርሰው።

8. የእርስዎ ግቢ ካልዘነበ የትም አልዘነበም

እንጦጦ ከአቃቂ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚያ የወረደው ዝናብ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ እኛ ደጃፍ ያልፋል፤ ከዚያ ነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርደው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን ሌሊት የመታው፣ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍም ከደጋው የመጣ ነበር። ስለዚህ መለኪያዎ ዜሮ ካሳየ ወንዝ ዳር ያሉ ዘመዶችዎን «አይዟችሁ፣ ተኙ» ይበሏቸው።

አይበሏቸው! ፌዙ እዚህ ላይ ይብቃ። የአንድ ግቢ መለኪያ የሚናገረው ስለዚያ ግቢ ብቻ ነው፤ እሱንም በእውነት የሚናገረው ባለቤቱ ከጠበቀው ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለማው ገበሬና በቦይ አጠገብ ልጆቿን የምታሳድገው እናት የሚታመን ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መሰላል ይዘው ይውጡ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ያጽዱ፣ ውኃ ልኩን ያስተካክሉ፤ ያደረጉትንም ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ። ያልለኩትን ቀን ባዶ ይተዉት።

ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌለዎት መለኪያውን ያውርዱት። የሌለ መለኪያ ማንንም አይዋሽም።