ሁለት ነገሌ

ክብረ መንግሥት ውስጥ ያለ አንድ የዕቃ መላኪያ ቢሮ ታብሌት ገዛና የመድረሻ ከተሞችን ዝርዝር እንድሞላለት ጠራኝ። እኔ ኮምፒዩተር ያውቃል የምባል ሰው ነኝ፤ ማለትም ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥ የምጠራ።

«የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» ብዬ ቡና አዘዝኩ። ቡናው ሳይደርስ የመጀመሪያው ስም ላይ ተያዝኩ፤ የተቀመጥኩባት ከተማ ስም ላይ። ክብረ መንግሥት ብዬ ስጽፍ የቢሮው ኃላፊ «አዶላ በለው፤ ደብዳቤው ሁሉ አዶላ ነው የሚለው» አለኝ። ቡና ሊያስመዝኑ የመጡ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «እኔ የተወለድኩት ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ጀምጀም አውራጃ፣ ክብረ መንግሥት ነው!» ክፍለ ሀገሩም አውራጃውም ዛሬ የሉም፤ ከዘራው ግን አለ። በመሃል ጭረት አድርጌ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ።

ሞያሌ ላይ ጭረቱም አላዳነኝም። ኦሮሚያም ሶማሌ ክልልም እዚያ የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው፤ ኬላውን ስትሻገሩ ደግሞ የኬንያዋ ሞያሌ ትጠብቃችኋለች። ሞያሌ ብቻ ብዬ አለፍኩ።

በሽታው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዊንዶውስ 95 የሰዓት ቀጠና ካርታው ላይ ካሽሚርን ከሕንድ በተለየ ቀለም ቀብቶ ነበር። ልዩነቱ ከስምንት የስክሪን ነጥብ አይበልጥም፤ ማይክሮሶፍት ግን በዚያች ልዩነት ምክንያት 200 ሺህ ቅጂ ከገበያ ሰብስቧል። የእኛን ሰዓት ደግሞ ዊንዶውስ እስከ ዛሬ «ናይሮቢ» ብሎ ነው የሚያስመርጠን፤ ለዚህ እንኳ በከዘራ ወለል የመታ አላየሁም።

ከዚያ ነገሌ መጣች። ልጅ ሆኜ ነገሌ ቦረና ነበር የምንላት፤ በ1966 ጥር ወር የሠራዊቱ አመፅ የፈነዳባት ከተማ ተብላ በታሪክ መጽሐፍም የገባችው በዚሁ ስም ነው። በኋላ የጉጂ ዞን መቀመጫ ሆነች። በ2015 ደግሞ ምሥራቅ ቦረና የሚባል ዞን ሲቋቋም ዋና ከተማው አደረጋት፤ ጉጂዎች ተቃወሙ፣ ነገሩም ከረረ። ታዲያ «ቦረና» ብዬ ጽፌ ነገ እዚህ ቢሮ በር ላይ ማን ይቆማል? «ጉጂ» ብዬስ? ሁለቱንም ተውኩና «ነገሌ» ብዬ ዘጋሁት። ቡናዬን እየጠጣሁ በብልሃቴ ተደሰትኩ።

በሳምንቱ አንዲት እናት ለአራስ ልጃቸው አምስት ኪሎ ማር ነገሌ ላኩ። ጸሐፊዋ በጣቷ «ነገሌ»ን ነካች። ዝርዝሩ ከአዲስ አበባው መኪና መስመር ጋር የተያያዘ ኖሮ ቢጫው ጀሪካን ወደ ደቡብ በመውረድ ፈንታ በሐዋሳና በሻሸመኔ አድርጎ አርሲ ነገሌ ገባ። የእናትየው ማር በአረቄዋ በታወቀች ከተማ መናኸሪያ ሦስት ቀን ባለቤት አልባ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ሲጠየቅ የለም። ጠጡት ወይስ ጠመቁት፣ የነገረኝ የለም።

እናትየው ቢሮው ድረስ መጡ። ገለልተኛ ልሁን ብዬ እንደሆነ፣ ስሙ እንደሚያጣላ፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፦

«ልጄ፣ ነገሌን ሁለት አድርጎ የፈጠረው እግዜር ነው። አንድ ያደረግኸው አንተ ነህ።»

የማሩን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። በማግስቱ ሌላ ጀሪካን ይዘው ሲመጡ ጸሐፊዋ ታብሌቱን ብታነሣ በእጃቸው መለስ አደረጉት። ማርከሩን ለእኔ ሰጡኝና «ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ እማማ? ቦረና ወይስ ጉጂ?»

«የልጄን ስልክ።»

ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠሩልኝ ጀሪካኑ ላይ ጻፍኩ።

«ከተማውስ?»

«ሹፌሩ ያውቀዋል» አሉና ጀሪካኑን ራሳቸው ተሸክመው ወደ መኪናው ሄዱ።