በአራት አትከፋፍሉን

ሰለቸን። ሥልጠና በተጠራን ቁጥር መጠይቅ ይታደለናል፤ እንሞላለን፤ ነጥብ እንደምራለን፤ ሻይ ሳይቀርብ ሳንጉዊን፣ ኮሌሪክ፣ ሜላንኮሊክ ወይም ፍሌግማቲክ ተብለን እናርፈዋለን። ከዚያ ወዲያ ስማችን ይረሳል። ዝም ስንል «ሜላንኮሊክ ናት፣ ተዋት» ይባላል። ስንጫወት «ሳንጉዊን ነው፣ ቁም ነገር አታምጡለት» ይባላል። የሦስት ሰው ሥራ ተጭኖብን ስንቆጣ «ኮሌሪክ አይደል!» ይባላል። የሦስት ሰው ሥራ ለምን እንደተጫነብን ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህ አከፋፈል የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ትምህርት ነው። በሰውነት ውስጥ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ አሉ፤ ሚዛናቸው ሲዛባ ሰው ይታመማል ይሉ ነበር። ሐኪሙ ጌለን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠባይንም ከዚሁ ጋር አያያዘው። ሕክምናው ይህን ከተወው ቆይቷል። እኛን ለመመደብ ግን ዛሬም ይሠራበታል!

ባለ አራት ፊደሉ መጠይቅም አለ። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሳተመው መጽሐፍ ተነሥተው ሰውን በ16 ዓይነት መደቡት። ሁለቱም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም። መጠይቁ ወይ ኢንትሮቨርት (ብቸኝነት ወዳጅ) ወይ ኤክስትሮቨርት (ጨዋታ ወዳጅ) ያደርገናል፤ አብዛኞቻችን ያለነው ግን መሐል ላይ ነው። በጥቂት ሳምንት ልዩነት ደግመው ሞልተው ሌላ ዓይነት ሆነው የሚገኙ ብዙ ናቸው።

«ልክ እኔን ነው የሚገልጸው» የሚሉንም አድክመውናል። በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጥቶ ውጤት አደለ። ለሁሉም የሰጠው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቃቀመው። ተማሪዎቹ ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት።

ከሁሉ የሚያናድደን ግን ማመካኛው ነው። ለቅሶ የማይደርሰው «ኢንትሮቨርት ነኝ» ይላል። ሰው የሚያዋርደው «ኮሌሪክ ነኝ፣ ፊት ለፊት ነው የምናገረው» ይላል። ቀጠሮ የሚረሳው «ሳንጉዊን ነኝ» ይላል። ሐዘንተኛው፣ የተዋረደው፣ ፀሐይ ላይ የቆመው እኛ ነን።

ጠባይ አይለያይም አላልንም፤ ይለያያል። ተመራማሪዎች ዛሬ በብዛት የሚለኩት አምስት ነገር ነው፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንን፣ ትጋትን፣ ተጫዋችነትን፣ ለሰው ማሰብንና ቶሎ መረበሽን። እነዚህ እንደ ቁመት ናቸው፤ አንዱ ጥቂት፣ ሌላው ብዙ አለው እንጂ ረጅምና አጭር ተብሎ ለሁለት የሚቆረጥ ሕዝብ የለም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችን አለቆች ሆይ፣ ሠራተኛው ለምን ዝም እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ መጠይቁን ተዉትና ራሱን ጠይቁት። ደመወዝ ዘግይቶበታል? ቤት የታመመ አለበት? ባለፈው ስብሰባ የተናገረ ጊዜ ምን ደረሰበት?